ቼዝ ስለ ሕይወት የሚያስተምረውና አስተማረ የሚባለው

ቼዝ እጫወታለሁ ስትሉ ሰው ከሁለት አንዱን ይላችኋል። ወይ «ጎበዝ ነህ ማለት ነዋ!» ወይ ደግሞ «ቼዝ እኮ ሕይወት ነው»። ሁለቱም ከልብ የሚባሉ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ብዙ አያስኬዱም። ቅዳሜና እሁዱን በአማተር ውድድር አዳራሽ የሚያሳልፍ ሰው፣ ማለትም ሽልማቱ የታክሲ እንኳ የማይሸፍንለት ሰው፣ ከጨዋታው የሚወስደው ትምህርት አለ። ትምህርቱ ግን ሰው ከሚያስበው ይለያል። በተለምዶ የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ቼዝ የሚችል ሰው በሁሉም ነገር ብልህ ነው»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ይሄ ነው። ብዙ ወላጅ ልጁን ቼዝ የሚያስጀምረው ሒሳብ እንዲጎብዝለት ነው። ነገሩ በእንግሊዝ አገር በትልቅ ጥናት ተፈትኗል። 100 ትምህርት ቤቶችና ከ4,000 በላይ ተማሪዎች ተካተቱ፤ ዕድሜያቸው 9 እና 10 ዓመት ነው። በግማሾቹ ትምህርት ቤቶች ልጆቹ በክፍል ሰዓት ለ30 ሰዓት ያህል ቼዝ ተማሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሒሳብ ሲፈተኑ ቼዝ በተማሩትና ባልተማሩት መካከል ልዩነት አልተገኘም። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ለምን? እ.ኤ.አ. በ1973 ዊልያም ቼይስና ኸርበርት ሳይመን የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ ፍንጭ ይሰጣል። ለአንድ ማስተር (ከፍተኛ ደረጃ ላይ ለደረሰ ተጫዋች) እና ለደካማ ተጫዋቾች ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አቀማመጥ ለ5 ሰከንድ ብቻ አሳዩዋቸው። ከዚያ «ያያችሁትን መልሳችሁ ደርድሩ» አሏቸው። ማስተሩ ከሌሎቹ እጅግ በልጦ ደረደረ። ቀጥለው ጠጠሮቹን በዘፈቀደ በትነው አሳዩዋቸው። የማስተሩ ብልጫ ጠፋ ማለት ይቻላል። ሰውየው የነበረው ልዩ የማስታወስ ችሎታ አልነበረም። ቼዝ ነበር የሚያውቀው።

እኔ ከዚህ የምወስደው የጥርጣሬ ትምህርት ነው። በሙያው አንደኛ የሆነ ሰው ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ ስለ ኢኮኖሚውም፣ ስለ ልጅ አስተዳደጉም፣ ስለ ጤናውም ሲተነትን ጆሮዬ ይቆማል። ሰሌዳው ላይ ንጉሥ የሆነ ጓደኛዬ ከሰሌዳው ውጭ ከደላላ ጋር ሲዋዋል አይቼዋለሁ። ምንም አልጠቀመውም።

«ጎበዝ ተጫዋች 10 እርምጃ አርቆ ያያል»

አድሪያን ደ ኽሮት የተባለ ኔዘርላንዳዊ የሥነ ልቦና ምሁር፣ ራሱም ጠንካራ ተጫዋች የነበረ፣ ይህንን ጥያቄ ከ1940ዎቹ በፊት ጀምሮ ሲያጠና ነበር። በዘመኑ የነበሩትን የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች ጮክ ብለው እንዲያስቡ አደረጋቸው። ከእነሱ ዝቅ ያሉትንም እንደዚሁ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ ታላላቆቹ ከሌሎቹ ብዙም አርቀው እንደማያዩ ታየ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ታላላቆቹ ገና ሲያዩት ትክክለኛውን እርምጃ ይሸቱታል፤ የማይረባውን ለመመርመር ጊዜ አያባክኑም።

አማተሩ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይቀላል። እኛ የምንሸነፈው 10ኛውን እርምጃ ስላላየን አይደለም። ቀጣዩን ስላላየን ነው። ሰውየው ፈረሱን አንስቶ አስቀመጠ፤ ፈረሱ ንግሥታችንን እያየ ነው፤ እኛ የራሳችንን ዕቅድ እያሰላሰልን ነው። አለቀ። «አሁን የተጫወተው ለምን ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ከብዙ የመክፈቻ ጥናት ይበልጣል። ከሰሌዳው ውጭም ብዙ ጊዜ የምንጎዳው የ5 ዓመት ዕቅድ ስለሌለን ሳይሆን የፈረምነውን ወረቀት ስላላነበብን ነው።

«ያሸነፈው የተሻለ ስለተጫወተ ነው»

አንዳንዴ አዎ። ብዙ ጊዜ ግን ያሸነፈው ሌላው ሰው እስኪሳሳት በቦታው የተገኘው ነው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2024 ሲንጋፖር ውስጥ የሆነውን አስታውሱ። የወቅቱ ሻምፒዮን የቻይናው ዲንግ ሊረንና የህንዱ ጉኬሽ ለዓለም ሻምፒዮንነት 14 ጨዋታ ተመድቦላቸው ነበር። ከ13ቱ በኋላ ስድስት ተኩል ለስድስት ተኩል ናቸው። 14ኛው ጨዋታም ወደ አቻ እየሄደ ነበር። ጉኬሽ በአንድ ወታደር ቢበልጥም፣ ዲንግ በጥንቃቄ ከተጫወተ ይዞ የሚወጣበት አቀማመጥ ነበር። በ55ኛው እርምጃ ዲንግ ሩኩን (ግንብ የሚመስለውን ጠጠር) ለልውውጥ አቀረበ። ሩኮቹ ሲወጡ ቢሾፖቹም (በሰያፍ የሚሄዱት ጠጠሮች) በግድ የሚወጡበት መንገድ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የንጉሥና የወታደር ፍጻሜ ደግሞ ለዲንግ ተሸናፊ ነበር። የዓለም ሻምፒዮኑ፣ ረጋ ብሎ የሚያስብ የክለብ ተጫዋች የሚያየውን ነገር ሳያይ ቀረ። ጉኬሽ በ18 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ።

«በዕድል ነው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ጉኬሽ አቻ የሚመስለውን አቀማመጥ ሳይሰለች ማጫወቱን ቀጠለ። ዲንግ ላይ ደግሞ የ14 ጨዋታ ድካም ነበረበት። እኛ አማተሮች ከታላላቆቹ ልንኮርጀው የምንችለው ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ ብልጭ የሚል ሐሳብ ሳይኖረን ወንበራችን ላይ ሳንሰለች መቀመጥ።

«ቼዝ ልክ እንደ ሕይወት ነው»

ሦስት ነገር ይለየዋል። በቼዝ ሁለቱም እኩል ጠጠር ይዘው ይጀምራሉ። በቼዝ የተደበቀ ነገር የለም፤ ሁሉም ሰሌዳው ላይ ነው። በቼዝ ተራህ ይጠበቃል። ሕይወት ከእነዚህ አንዱንም አታውቅም። አንዱ ቤትና መሬት ወርሶ ይጀምራል፣ ሌላው ዕዳ። የምትደራደረው ሰው ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ አታይም። ተራህ ስለደረሰም ማንም አይጠብቅህም።

እንደውም ለሕይወት የሚቀርበው የድሮው የእኛ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ይመስለኛል። በነገሥታቱና በመኳንንቱ ግቢ ይጫወቱት የነበረው ማለቴ ነው፤ ብዙ ጊዜ ነጭና ጥቁር በሌለው፣ መስመር ብቻ በተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ላይ። ጨዋታው የሚጀምረው «ወረራ» በሚባል ምዕራፍ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ እኩል በአንድ ጊዜ፣ ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ሲያስብ ሌላው ይደረድራል። የሰውየውን እጅ እያየህ የራስህን እጅ ታስተካክላለህ። ተራ የሚጀምረው አንድ ነገር ከጠፋ በኋላ ነው። የመርካቶን ጠዋት ላየ ሰው ይሄ አዲስ አይሆንበትም።

ዘመናዊው ቼዝ ታዲያ ምን ያስተምራል ካላችሁኝ፣ ሰበብ ማጣትን እላለሁ። መረጃ ተደብቆብኝ ነው አይባልም። ፀሐይ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ዳኛ ነው አይባልም። ያጣሁትን ንግሥት በገዛ እጄ ነው ያስቀመጥኳት። ሕይወት እንዲህ የጠራ ሒሳብ ስለማትሰጥ፣ አንድ ቦታ ላይ ማግኘቱ ጥሩ ነው።

«ከፊትህ የተቀመጠው ጠላትህ ነው»

ውድድር አዳራሽ ገብታችሁ ከሆነ ከጨዋታው በኋላ የሚሆነውን ሳታዩ አልቀራችሁም። ሁለቱ ሰዎች ይጨባበጣሉ፣ እርምጃዎቻቸውን የጻፉበትን ወረቀት ይፈርማሉ፣ ከዚያ ሰሌዳ ይዘው ጥግ ይፈልጋሉ። አሸናፊና ተሸናፊ አንድ ላይ ሆነው ጨዋታውን ከመጀመሪያው ይከልሱታል። «እዚህ ጋ ፈረሱን ብታመጣው ምን ልታደርግ ነበር?» ይባባላሉ። እኔ ከራሱ ከጨዋታው ይልቅ ይህቺን ሰዓት እወዳታለሁ።

ምክንያቱም የሚገርም ነገር ይሰማል። «እዚህ ጋ ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር» ይላል ያሸነፈው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ፊት ሆኖ የተቀመጠው ሰው! እኛ ፈርተን እያለ እሱም ፈርቶ ነበር። እሱ የእኛን ፊት አይቶ «ይሄ ሰውዬ ተረጋግቷል» ብሎ ነበር። ከመሥሪያ ቤት ስብሰባ እስከ ሽምግልና ድረስ፣ ከፊታችን የተቀመጠው ሰው ፊት ውስጡን አይናገርም።

ወረቀቱም የራሱ ትምህርት አለው። በረጅም ሰዓት ጨዋታ እያንዳንዱ እርምጃ ይጻፋል፤ ሕግ ነው። የተሸነፈ ሰው ሁሉ «እየመራሁ ነበር እኮ» ይላል። ቤት ገብቶ ወረቀቱን ኮምፒውተር ላይ ሲያስገባው ግን ከ12ኛው እርምጃ ጀምሮ ሲንገዳገድ እንደነበር ያያል። ስቶክፊሽ የተባለው የቼዝ ፕሮግራም ነጻ ነው፤ ይሉኝታም የለውም።

ልጆቹን ሳልጠቅስ አላልፍም። በአማተር ውድድር ከ10 ዓመት ልጅ ጋር መመደብ የተለመደ ነው። ይነሳና በሁለት እጁ ይጨብጣችኋል፤ ከዚያ ይጨርሳችኋል። እርምጃችሁን ተጫውታችሁ፣ የእናንተን ቆጠራ የሚያቆመውን ሰዓት መጫን ስትረሱ፣ ዝም ብሎ ሰዓታችሁ እንዲያልቅ ማድረግ ሲችል፣ «ጋሼ፣ ሰዓቱን አልተጫኑም» የሚላችሁም አለ። በዕድሜ መከበርና ሰሌዳው ላይ መበለጥ በአንድ ጠረጴዛ ሊኖሩ ይችላሉ። ይህን ለመዋጥ የሚቸገር ትልቅ ሰው አይቻለሁ፤ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ውድድር በኋላ አይመለስም።

«እየጎበዝክ ስትሄድ ማሸነፍ ይበዛል»

ብዙ አማተር የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው። አብዛኛው የአማተር ውድድር የሚካሄደው በስዊስ ሥርዓት ነው። ተሸንፎ የሚባረር የለም። በየዙሩ ተመሳሳይ ነጥብ ያላቸው ይገናኛሉ። ስታሸንፍ ካሸነፈ ጋር ትመደባለህ፣ ስትሸነፍ ከተሸነፈ ጋር። ስለዚህ ማንም ሰው ቦታው ሲደርስ ውጤቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል።

ሬቲንግም፣ ማለትም የተጫዋች ጥንካሬ የሚለካበት ነጥብ፣ ያው ነው። አሠራሩን ያወጣው አርፓድ ኤሎ፣ በአሜሪካ የፊዚክስ መምህር የነበረ የሃንጋሪ ተወላጅ ነው። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ፊዴ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀበለው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በ200 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች ከ100 ነጥብ ወደ 76 እንዲወስድ ይጠበቃል። የቀረውን 24 ደካማው ይወስዳል ማለት ነው። ደካማው አንዳንዴ ማሸነፉ የሒሳቡ አካል ነው። ሬቲንግ ትንበያ ነው እንጂ የሰው ዋጋ አይደለም። ቁጥሩ 30 ነጥብ ሲወርድ ምግብ የማይበላላቸው ሰዎች ግን አውቃለሁ።

ስለዚህ አምና ከጨዋታዎቹ ግማሹን የተሸነፈ ሰው ዘንድሮም ግማሹን ተሸንፎ በጣም ተሻሽሎ ሊሆን ይችላል። የተቀየሩት የሚቀመጡበት ጠረጴዛዎች ናቸው። ሹመት አግኝቶ «ድሮ ሥራው ይቀለኝ ነበር፣ አሁን ምን ነካኝ?» የሚል ሰው ካወቃችሁ ይህንኑ ንገሩት።

«መቼም ቢሆን እጅ አትስጥ»

ግማሹ እውነት ነው። በጀማሪ ደረጃ ንግሥቱን ያጣ ሰው እንኳ ቢቀጥል ያዋጣዋል፤ ተቃዋሚውም ነገ የሚያደርገውን የማያውቅ ጀማሪ ነውና። ከፍ ሲል ግን የሞተ ጨዋታ ላይ ሁለት ሰዓት መቆየት ለቀጣዩ ዙር የሚያስፈልገውን ጉልበት ይበላል። በጊዜ እጅ መስጠት ፍርሃት አይደለም። አቻም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ማግነስ ካርልሰንና ፋቢያኖ ካሩዋና ለዓለም ሻምፒዮንነት ያደረጓቸው 12 ረጅም ጨዋታዎች በሙሉ በአቻ አልቀዋል፤ ካርልሰን ያሸነፈው በኋላ በፈጣኑ ጨዋታ ነው። ማንም ፈሪ አላላቸውም።

«የሚደክመው ጭንቅላት ብቻ ነው»

የዓለም ሻምፒዮኑ ካርፖቭና ተፎካካሪው ካስፓሮቭ ሞስኮ ላይ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1984 የጀመሩት ግጥሚያ 48 ጨዋታ ተጫውተውም አልለየለትም፤ 40ዎቹ አቻ ነበሩ። ከአምስት ወር በኋላ ሲቋረጥ ካርፖቭ በጣም ከስቶ ነበር። እኛም በአቅማችን፣ በሦስተኛው ዙር ቁርስ ያልበላውን እናውቀዋለን፤ ከሰዓት በኋላ ጠጠር በነጻ ያድላል።

«ውድድር ለመግባት መጀመሪያ መጎበዝ አለብኝ»

የለባችሁም። ስዊስ ነው ብያለሁ፤ በሁለተኛው ዙር አቻችሁ ይመጣል። መጎበዝ የሚጀምረውም ከዚያ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ሁሌ አንድ ዘመድን እያሸነፉ የትም አይደረስም። ማወቅ ያለባችሁ ጥቂት ነገር ነው። የነካችሁትን ጠጠር ትጫወቱታላችሁ፤ «ይቅርታ፣ እሱን አይደለም» አይሠራም። በተጫወታችሁበት እጅ ሰዓቱን ትጫኑታላችሁ። ስልክ ወደ መጫወቻው ቦታ ይዞ መግባት በፊዴ ሕግ ጨዋታውን ሊያሳጣ ስለሚችል፣ አጥፍታችሁ የት እንደምታስቀምጡት አስቀድማችሁ ዳኛውን ጠይቁ። እስክሪብቶ ደግሞ ሁለት ያዙ፤ ከፊታችሁ የሚቀመጠው ሰው ሳይዝ የሚመጣበት ቀን ብዙ ነው።