የላንድክሩዘር ሞተር ቅያሪ፦ "ሁሉም 4.2 አንድ ነው" እና ሌሎች የጋራዥ ወሬዎች

አጎቴ ባለ ባሌስትራ ላንድክሩዘር ፒክአፕ አለው፤ 75 የሚባለው። ባለፈው ዓመት ከጎሃጽዮን ቁልቁል ወርደን፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ተጣብቀን ቀረን። የሙቀቱ ቀስት ወደ ላይ ትላለች። አጎቴ ሞተሩ ይቀዝቅዝ ብሎ ሂተሩን ከፍቶ (በዚያ በረሃ፣ ሂተር!) ላቡን ይጠርጋል። ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ቀድሞን አለፈ። እዚያው "ይሄን ሞተር አስቀይረዋለሁ" አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያልሰማነው ምክር የለም። መካኒኩ፣ ሶማሌ ተራ ዕቃ የሚሸጠው፣ ቡና ላይ አብሮን የሚቀመጠው ጎረቤት፣ ሁሉም ሊቅ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት በመከልከሉ ያለውን አድሶ መንዳት የብዙ ሰው ጥያቄ ሆኗል። ስለዚህ ስንሰማ የከረምነውን ላንሳው። ብዙው ስህተት ነው፣ ጥቂቱ ግማሽ እውነት አለው።

"ሁሉም 4.2 አንድ ነው"

ትልቁ ይሄ ነው። የአጎቴ መኪና ላይ ያለው ሞተር 1ኤችዜድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣና ሃርድቶፑም ፒክአፑም ላይ ለዓመታት ሲገጠም የኖረ፣ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ እየገፋ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር። ሊያስገባ የሚያስበው ደግሞ ከ80ው ላንድክሩዘር የወጣ 1ኤችዲ-ቲ ነው። ሁለቱም 4164 ሲሲ (4.2 ሊትር የሚባለው ይሄ ነው)፣ ሁለቱም ባለ ስድስት ሲሊንደር፤ የፒስተኑ ስፋትም (94 ሚሊ ሜትር) ምቱም (100 ሚሊ ሜትር) አንድ ነው። ከሩቅ ስታያቸው መንትያ ናቸው።

ልዩነቱ ናፍጣው የሚቃጠልበት ቦታ ላይ ነው። 1ኤችዜድ ናፍጣውን የሚረጨው ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው፤ እሳቱ እዚያ ተነስቶ ወደ ሲሊንደሩ ይወጣል። 1ኤችዲ-ቲ ግን በቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ ይረጫል፣ ቱርቦውም ከፋብሪካ አብሮት የተወለደ ነው። ቴስታታው፣ ፒስተኑ፣ የናፍጣ ፖምፓው ሁሉ ለዚያ ታስቦ የተሠራ ነው። በቁጥር ካላችሁ አንደኛው 130 ፈረስ ጉልበት ገደማ፣ ሌላኛው 160 ገደማ ነው፤ ዳገት ላይ የሚሰማህ ግን ጉልበቱ ዝቅ ባለ ዙር መምጣቱ ነው።

ደግሞ "4.2 ቱርቦ" ብሎ የሚሸጥልህ ሰው የትኛውን እንደሆነ ጠይቀው። ሦስት ናቸው። 1ኤችዲ-ቲ የመጀመሪያው፣ ባለ 12 ቫልቭ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የመጣው 1ኤችዲ-ኤፍቲ ባለ 24 ቫልቭ ሆኖ ፖምፓው አሁንም መካኒካል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ 100ው ላንድክሩዘር ላይ የገባው 1ኤችዲ-ኤፍቲኢ ግን ፖምፓውን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። የመጨረሻውን ያለ ሽቦውና ያለ ኮምፒውተሩ ከገዛህ የገዛኸው ከባድ ብረት ነው።

"1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ ጫንበት፣ ያው ነው"

አይደለም። ግን ሰው ለምን እንደሚፈተን ይገባኛል። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያችኑ ስስ አየር ነውና ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቱርቦ ቢጫንበት ከፍታው የወሰደበትን ይመልስለታል። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ልክ ነው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። 1ኤችዜድ አየሩን የሚጨምቀው ከ22 እጥፍ በላይ ነው፤ 1ኤችዲ-ቲ ግን 18.6 ነው። መጀመሪያውኑ በጣም የሚጨምቅ ሞተር ላይ ተጨማሪ አየር ስትገፋበት ግፊቱም ሙቀቱም ያችው የቴስታታ ክፍል ውስጥ ነው የሚከማቸው። ቱርቦ ተጭኖባቸው በኃይል የተነዱ 1ኤችዜዶች ቴስታታቸው የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። በትንሽ ግፊት፣ የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ አስገጥሞ፣ በልክ የሚነዳ ሰው ብዙ ዓመት ሊጠቀምበት ይችላል። እኛ ጋር ግን የሚሆነው ሌላ ነው። መካኒኩ ቱርቦውን ይሰቅላል፣ ከዚያ ፖምፓው ላይ ያለችውን ብሎን በካቻቢቴ "ትንሽ" ይከፍታል፣ ባለቤቱ ነድቶ "ኧረ ትንሽ ጨምርልኝ" ይላል። ከኋላ ጥቁር ጭስ ሲወጣ ጉልበት መሰለው። የናፍጣ ሞተር ላይ ያ ጭስ ሳይቃጠል የተረፈ ናፍጣ ነው፤ ቴስታታህንም እያበሰለው ነው።

"ካምቢዮው አንድ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይገባል"

ከየትኛው ወደየትኛው እንደሆነ ይወስነዋል። 75 ላይ 1ኤችዜድ ካለህ ዕድለኛ ነህ፤ ዘመዳሞች ስለሆኑ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ቤት ያንተው ይሆናል። ያኔም ከ80 የወጣ ሞተር ከሥሩ ያለው የዘይት መያዣ ቅርጹ ለ80ው ዲፈረንሻል የተሠራ ነውና ያንተን አሮጌ መያዣ ከነዘይት መሳቢያ ቱቦው አትጣል። እሱን ፈትተህ አዲሱ ላይ ማሰር ሊኖርብህ ነው።

60 የሚባለው ላንድክሩዘር ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። አንድ ጓደኛዬ ባለ 2ኤች ሞተር 60 አለው። "ካምቢዮዬ ኤች55ኤፍ ነው፣ 75ም ላይ ያው ካምቢዮ ነበረ፣ ስለዚህ ይገጥማል" ብሎ 1ኤችዲ-ቲ ገዛ። ካምቢዮው እውነትም ያው ነው። ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ቤት ግን የ2ኤች ነው፤ ብሎኖቹ አይገናኙም። ከ75 የወጣ ቤት ሲፈልግ መኪናው ስድስት ሳምንት ጋራዥ ግቢ ውስጥ ቆመ፣ ዶሮዎች ሥሩ መኖር ጀመሩ። ያልጠበቀው ሌላም ነገር አለ፦ 2ኤች ታይሚንጉ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው) በጥርስ ነው የሚሄደው፣ አዲሱ ግን ቤልት አለው። ቤልቱን ረስተህ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። እሱ ደግሞ ዘይት መቀየር ራሱ የሚረሳ ሰው ነው።

ባለ 78 እና 79 ላንድክሩዘር ለሆናችሁ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ቶዮታ ራሱ አውስትራሊያ ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 2007 ድረስ 1ኤችዲ-ኤፍቲኢ የገጠመባቸውን 78 እና 79 ሸጧል። ስለዚህ ያ ቅያሪ ፋብሪካው የሄደበት መንገድ ነው። መቀመጫው፣ ቱቦው፣ ሽቦው ሁሉ ለዚያ መኪና ተሠርቶ ያውቃል። ዋጋው ሌላ ጉዳይ ነው።

"መካኒካል ነው፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም"

ፖምፓው ማለትህ ከሆነ እሺ። ሞተሩን የሚያስነሳው የሞተሪኖው ነገርስ? የድሮ ናፍጣ ላንድክሩዘሮች ግማሾቹ በ12 ቮልት፣ ግማሾቹ በ24፣ ሌሎቹ ደግሞ መብራቱ 12 ሆኖ ሞተሪኖው 24 ናቸው። ከጃፓን የመጣ ሞተር ከነሞተሪኖውና ከነዲናሞው 24 ሆኖ ይመጣና ያንተ መኪና 12 ይሆናል። የ24ን በ12 ስታስነሳው እንደ ታመመ በሬ ያቃስታል። የ12ን ካንዴሌታ (ናፍጣው እንዲነሳ የሚያሞቀውን) 24 ላይ ብትሰካ ደግሞ ወዲያው ይቃጠላል። ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ሞተሪኖው፣ ዲናሞውና ካንዴሌታው ላይ የተጻፈውን ቮልት በስልክህ ፎቶ አንሳ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

"ኦሪጅናል ጃፓን ነው፣ 80 ሺህ ብቻ የሄደ"

ኪሎ ሜትር የሚቆጥረው ዳሽቦርዱ ነው። ዳሽቦርዱ ደግሞ ከሞተሩ ጋር አልመጣም። ስለዚህ ያ ቁጥር የሻጩ አፍ ላይ ብቻ ነው ያለው። ከዱባይና ከሻርጃ የሚመጡት የናፍጣ ሞተሮችም ባብዛኛው መነሻቸው ጃፓን ነው፤ ገልፍ ውስጥ የሚነዳው ላንድክሩዘር ከሞላ ጎደል ቤንዚን ነዋ።

ሲቻል የሚሠራ ሞተር ግዛ። ሲነሳ ስማው፣ የዘይት ክዳኑን ከፍተህ እጅህን አስጠጋ። እንደ ድስት የሚተነፍስ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) አልቋል። ክዳኑ ሥር እንደ ወተት ያለ ነገር ካየህ ዘይቱ ውኃ አግኝቶታል። የመጀመሪያዎቹ 1ኤችዲ-ቲዎች ደግሞ የታወቀ ድካም አለባቸው፦ የቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ብሮንዚና፣ ዘንጉ የሚዞርበት ስስ ብረት፣ ቶሎ ይበላል። ሞተሩ መሬት ላይ እያለ ብሮንዚናውን፣ ታይሚንግ ቤልቱንና የዘይት ሲሎቹን ቀይር። ከገባ በኋላ ግን መካኒኩ ከሥር ተኝቶ ነው የሚሠራው፣ ሒሳቡም እንደዚያው።

"ጉልበት ከመጣ ሌላው ራሱን ይችላል"

አይችልም። ፍሪሲዮኑ፣ ራዲያተሩ፣ ፍሬኑ የተሠሩት ለድሮው ጉልበት ነው። በተለይ ራዲያተሩ።

"ናፍጣ ይቆጥባል"

ይሄኛው እውነት አለው። በቀጥታ የሚረጭ ሞተር ለተመሳሳይ ሥራ ያነሰ ናፍጣ ነው የሚፈልገው። ግን ሰው አዲስ ጉልበት ሲያገኝ እንደ ድሮው አይነዳም፤ ያ የተረፈው ናፍጣ ዳገት ላይ አይሱዙ ሲቀደምበት ያልቃል።

"ወረቀቱን በኋላ እናስተካክላለን"

ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም አለ። ቦሎ ስትሄድ ሁለቱ ይታያሉ። ስለዚህ ሞተሩን ከመግዛትህ በፊት ቁጥሩ በግልጽ የሚነበብ መሆኑን እይ፤ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ከሆነ በነፃ ቢሰጡህም አትንካው። የገባበትን ዲክላራሲዮንና የሽያጭ ደረሰኙን ያዝ። መንገድ ትራንስፖርት ሄደህም ምን እንደሚፈልጉ አስቀድመህ ጠይቅ። ቆጥቤ ገዛሁ ብሎ ያለ ወረቀት የወሰደ ሰው መኪናውን ሲሸጥ ነው የሚነቃው።

አጎቴስ? አንዱ መካኒክ "ጋሼ፣ መጀመሪያ ይሄን እንየው" ብሎ ራዲያተሩን ሲያወርደው ግማሹ ቱቦ በዝገት ተደፍኖ ተገኘ። የአየር ፊልትሩም ከስንት ጊዜ በፊት እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። ሁለቱም ተቀየሩ፣ ፖምፓውም ተስተካከለ። ባለፈው ወር ደጀንን በሦስተኛ ማርሽ ወጣን፣ ሂተር ሳንከፍት። አይሱዙው አሁንም ቀድሞናል፤ አጎቴም ሞተሩን አልተወም፣ ሰሞኑን ሶማሌ ተራ አንድ 1ኤችዲ-ቲ አይቷል አሉ።