የልብ ቫልቭ ምንድን ነው?

ጆሯችሁን የጓደኛችሁ ደረት ላይ ለጠፍ አድርጋችሁ አዳምጡ። ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚመጣ ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ድው-ድው፣ ትንሽ ፋታ፣ ደግሞ ድው-ድው። ተማሪዎቼ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ «ጡንቻው ሲኮማተር ነው» ይሉኛል። በዋናነት የሚሰማው ግን ቫልቮች ሲዘጉ ነው።

ቫልቭ ማለት ደም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ የሚያደርግ፣ ስስ ግን ጠንካራ የልብ ክፍል ነው። ልባችን አራት ቫልቮች አሉት። ሁለቱ በላይኞቹና በታችኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ይገኛሉ። ሁለቱ ደግሞ ደም ከታችኞቹ ክፍሎች ወደ ትልልቆቹ ደም ቅዳዎች በሚወጣበት አፍ ላይ ናቸው። የመጀመሪያው ድው የፊተኞቹ ሲዘጉ፣ ሁለተኛው የኋለኞቹ ሲዘጉ ይሰማል።

ታዲያ ማን ይዘጋቸዋል? ለእኔ የትምህርቱ ቁልፍ ይህ ጥያቄ ነው። የባሕር ዳር ልጆች አባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ያሉትን የውኃ መቆጣጠሪያ በሮች ያውቃሉ። እዚያ በሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው አለ። ልብ ውስጥ ግን በረኛ የለም። ደሙ ከኋላ ሲገፋ ቫልቩ ይከፈታል። ከፊት ያለው ግፊት ሲበረታና ደሙ ልመለስ ሲል ያው ደም ራሱ ቫልቩን ገፍቶ ይዘጋዋል። ይህ የገባው ተማሪ የልብን ሥዕል በቀስት መሸምደድ አያስፈልገውም። ደሙ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ራሱ አስቦ ይደርስበታል።

ይህን ለማሳየት ከበሬ ልብ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። አሠራሩ ከሰው ልብ ጋር በጣም ይቀራረባል፣ ትልቅ ስለሆነም ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ሳይቀር ያየዋል። በጾም ወቅት አብዛኛው ሥጋ ቤት ስለሚዘጋ ትምህርቱን ከፍስክ ጋር ማገጣጠም ይሻላል። ባለ ሥጋ ቤቱን ቀደም ብላችሁ ንገሩት፤ ልቡን እንዳይሰነጥቀው፣ ከላይ ያሉትንም ቱቦዎች አራት ጣት ያህል እንዲተውላችሁ። እንደ ልማዱ ከሥር ከቆረጣቸው ቫልቮቹም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ጓንት አድርጉ። መንካት የማይፈልግ ተማሪ ካለ አይገደድ፣ ቆሞ ይይ።

መጀመሪያ ልቡን በደንብ እጠቡና የረጋውን ደም አውጡ። ከዚያ ከግራው የታችኛው ክፍል በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ውኃ አፍስሱ። ከሥሩ ያሉት ሦስት ትንንሽ ኪሶች ሞልተው ይገጥማሉ፣ ውኃውም ወደ ልብ ሳይወርድ ይቆማል። ማንም አልነካቸውም! ክፍሉ በአንዴ ወደ ጠረጴዛው የሚጎርፈው ያኔ ነው። ውኃው ቀስ እያለ ከቀነሰ አትደንግጡ። ከቫልቩ በላይ ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ልብ የራሱን ድርሻ የሚያገኘው በእነሱ ነው።

ቀጥላችሁ ግድግዳውን በቢላዋ ክፈቱ። የግራው የታችኛው ክፍል ግድግዳ ከቀኙ ሦስት እጥፍ ያህል ይወፍራል። የቀኙ ደም የሚልከው እዚያው አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ነው፤ የግራው ግን እስከ እግር ጣት ማድረስ አለበት። ዕረፍት ላይ ያለ የአዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይገፋል። ይህም በሰውነት ውስጥ ካለው ደም ጠቅላላ መጠን ጋር ይቀራረባል። ውስጡን ስታዩ ከቫልቮቹ ጠርዝ ወደ ታች የተወጠሩ ነጫጭ ክሮች ታገኛላችሁ። ሥራቸው ቫልቩ ሲዘጋ ወደ ላይ እንዳይገለበጥ መያዝ ነው። ተማሪዎች በጣታቸው ሳብ ያድርጓቸው፤ ጥንካሬያቸው ያስገርማል።

ቫልቭ ላይ ይህን ያህል ጊዜ የማጠፋው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ብዙ ልጆችና ወጣቶች የሚታመሙት እዚሁ ላይ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ሲያጠቃ፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች፣ ካልታከመ በአንዳንዶቹ ላይ ሌላ መዘዝ ያመጣል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የተነሳበት ኃይል የራሱን መገጣጠሚያና የልብ ቫልቭ መጉዳት ይጀምራል። ቫልቩ ይጠባሳል። ወይ በደንብ አይከፈትም፣ ወይ በደንብ አይገጥምም። ደሙ ወደ ኋላ ሲመለስ ልብ ሥራው ይበዛበታል፣ ልጁም ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ጉሮሮ ሲታመም እንጥል ማስቆረጥ በአካባቢያችን ዛሬም ያልቀረ ልማድ ነው። ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ይልቁንም ለደም መፍሰስና ለሌላ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሐኪሙ ካዘዘ ፔኒሲሊን ባክቴሪያውን ያጠፋዋል። አንዴ ቫልቩ የተነካ ልጅ ደግሞ ሕመሙ እንዳያገረሽበት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወስዳል። ቀጠሮው የሚውለው ብዙ ጊዜ በትምህርት ቀን ስለሆነ እኛ መምህራን ያለ ጭቅጭቅ ፈቃድ እንስጠው።