«ዌብሳይት አለን፤ ሌላ ምን ያስፈልገናል?»

በደብረ ብርሃን አንድ የእህል አከፋፋይ ዘንድ የሂሳብ ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ኮምፒውተር እያነበበች በሌላው ላይ ስትጽፍ አየሁ። አረርቲ ያለው መጋዘን የራሱ ሶፍትዌር አለው፤ ደብረ ብርሃን ያለው ሽያጭ ሌላ። በሁለቱ መካከል የተዘረጋችው ሽቦ እርሷ ነበረች። ይህን ሥራ ዌብ ሰርቪስ፣ ማለትም ሁለት ሶፍትዌሮችን በኢንተርኔት የሚያነጋግር አገልግሎት፣ ሊረከባት ይችላል ስል ባለቤቱ ተቃውሞውን ደረደረልኝ። ከሌሎች ነጋዴዎችም የምሰማው ስለሆነ አንድ በአንድ ልመልስ።

«ዌብሳይት አለን፤ ሌላ ምን ያስፈልገናል?» ዌብሳይት የተሠራው ለሰው ዓይን ነው። ዌብ ሰርቪስ የሚያነጋግረው ግን ሌላ ሶፍትዌርን ነው። የሽያጩ ሶፍትዌር «ስንት ኩንታል ማኛ ጤፍ አለ?» ብሎ በኢንተርኔት ይጠይቃል፤ የመጋዘኑ ቁጥሩን ይመልሳል። ፎቶ የለ፣ ጌጥ የለ።

«ሁለቱም ሶፍትዌሮች ከአንድ ቤት የተገዙ መሆን አለባቸው።» የለባቸውም። አንዱ በጃቫ፣ ሌላው በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ ቢጻፍም በመልእክቱ ቅርጽ ከተስማሙ ይበቃል። ቅርጹ ኤክስኤምኤል ወይም ጄሰን ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ የሚበዛው ቀለል ያለው ጄሰን ነው።

«አንዴ ከተገናኙ ይግባባሉ።» ብዙ ገንዘብ ያስከፈለ ስህተት ይህ ነው። መልእክት መድረሱና መረዳቱ የተለያዩ ናቸው፤ በእኛ አገር ደግሞ ቀን መቁጠሪያው ራሱ ወጥመድ ነው። መስከረም 3 ቀን 2017 የተመዘገበ ሽያጭ በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 13 ቀን 2024 ነው። ተቀባዩ ሶፍትዌር «3/1/2017» የሚለውን ሳይቀይር ከወሰደው ግን ጃንዋሪ 3 ቀን 2017 ብሎ ይመዘግበዋል፤ ሽያጩ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው፤ ማስጠንቀቂያ እንኳ አይሰጥም። የጳጉሜን ሽያጭ ይሻላል፤ 13ኛ ወር አላውቅም ብሎ በግልጽ ይመልሰዋል። ስምም አለ፦ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሁለት ደንበኞች። ስለዚህ ደንበኛ በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ይታወቅ። አንዱ በኩንታል፣ ሌላው በኪሎ ከቆጠረም 5 ኩንታል ጤፍ 5 ኪሎ ሆኖ ያርፋል። እኔ ኮድ ከመጻፌ በፊት በእነዚህ ነገሮች እንዲስማሙ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጣለሁ፤ ከኮዱ የበለጠ ጊዜ የሚወስደውም ይኸው ነው።

«መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ እንደገና መላክ ነው።» የ20 ኩንታል ትዕዛዝ ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ቢቀርስ? ላኪው እንዳልደረሰ ቆጥሮ ይደግማል፤ መጋዘኑ 40 ኩንታል ይጭናል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ የማይደገም ቁጥር መስጠት ነው፤ ተቀባዩ ቁጥሩን ካየው እንደገና ሳይጭን የቀድሞውን መልስ ይልካል። ክፍያ ላይ ይህ ሲጎድል ደንበኛ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

«ሰው ሁሉ ሂሳባችንን ያያል።» ሙሉ መዝገቡ አይከፈትም። ከተፈቀደው ጥያቄ ውጭ መልስ የለም፤ ጠያቂውም መለያ ቁልፍ ማቅረብ አለበት፤ መስመሩም ይመሰጠራል። ቁልፉን በቴሌግራም ለጓደኛ የሚልክ ሠራተኛ ካለ ግን ፍርሃቱ ትክክል ነው።

«ያለ ዌብ ሰርቪስ ዘመናዊ ንግድ የለም።» ይህን የሚሉት ሻጮቹ ናቸው። በቀን አምስት ደረሰኝ ለሚቆርጥ ሱቅ ደብተሩ ይበቃዋል፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣብኝ ሻይ ጋብዤ እሸኘዋለሁ።