ሴት ልጅና ብረት፦ የሚባለውና እውነታው

ባሕር ዳር አንድ ጂም ገብታችሁ እዩ። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ትሬድሚሉ ላይ ናቸው። ብረቱ ያለበት ጥግ የወንዶች ነው። ለምን ብላችሁ ስትጠይቁ የምትሰሟቸው መልሶች እነዚህ ናቸው።

«ማህፀን ይጎዳል»

ከሁሉም በላይ የሚፈራው ይሄ ነው። ጤነኛ ሴት ደረጃ በደረጃ፣ በአሰልጣኝ እየታገዘች ብረት ብታነሳ መካን ትሆናለች የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። እንዲያውም አጥንትና ጡንቻ ያጠነክራል። ለማህፀን መውረድ ዋናዎቹ ምክንያቶች ተደጋጋሚ ወሊድና የተራዘመ ምጥ ናቸው። አራስ ሴት ሳታገግም ከባድ ነገር ከተሸከመች ደግሞ አደጋው ይብሳል። ስለዚህ የወለደች ሴት ወደ ብረት ከመመለሷ በፊት ሐኪም ታማክር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ማለዳ ወደ ከተማ የሚገቡትን እንጨት ተሸካሚ ሴቶች አስተውሏቸው። ወገባቸው ጎብጧል፣ ገመዱ ደረታቸው ላይ ተወጥሯል። ሲደክማቸው እንኳ ሸክሙን አያወርዱም፤ አጥር ላይ ደገፍ አድርገውት ትንሽ ይተነፍሳሉ። ኪሎውን የሚመዝንላቸው የለም። አራስ ትሁን ነፍሰ ጡር የሚጠይቅ የለም። ለእነሱ «ማህፀንሽን!» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ጂም ለምትገባ ልጅ ግን ሁሉም መካሪ ነው።

«ወንድ ወንድ ትመስላለች»

እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ በክብደት ማንሳት የሴቶች ትንሹ ሚዛን፣ ማለትም የተወዳዳሪዋ የሰውነት ክብደት ጣሪያ፣ 49 ኪሎ ነበር። ተወዳዳሪዋ ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ትመዘናለች። ከ49 ኪሎ ከበለጠች አትወዳደርም። እንዲህ ያለች ሴት ጡንቻ ልከምር ብትልስ የት ታስቀምጠዋለች? የሴት ሰውነት ቴስቶስትሮን (ጡንቻ የሚያሳድገው ሆርሞን) ከወንድ በጣም ያነሰ ስለሆነ ጡንቻው እንዲሁ በቀላሉ አያብጥም። በተለይ መጀመሪያ ላይ ጉልበቱ በአብዛኛው የሚመጣው ነርቭ ጡንቻን በአንዴ ማዘዝ ሲለምድ ነው።

«የክንድ ጉልበት ነው»

አይደለም። ብረቱን ከመሬት የሚያስነሳው እግርና ዳሌ ነው። በውድድር ሁለት ዓይነት አነሳስ አለ። በስናች ብረቱ በአንድ ጊዜ ከራስ በላይ ይወጣል። በክሊን ኤንድ ጀርክ መጀመሪያ ትከሻ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይገፋል። በሁለቱም ልጅቷ ብረቱ ሽቅብ እየሄደ ሳለ በፍጥነት ሥሩ ትገባለች። ፍጥነትና ሚዛን የሌለው ጉልበተኛ እዚህ አይሳካለትም።

«ቀላል ሚዛን፣ ቀላል ውድድር»

ፓሪስ ላይ በ49 ኪሎው ውድድር ሮማንያዊቷ ሚሃኤላ ካምቤይ በሁለቱ አነሳሶች ድምር 205 ኪሎ አነሳች። ቻይናዊቷ ሆው ዢሁይ በክሊን ኤንድ ጀርክ የመጨረሻ ሙከራዋ 117 ኪሎ አነሳችና በድምሩ 206 ኪሎ ወርቁን ወሰደች። ልዩነቱ አንዲት ኪሎ ናት። 117 ኪሎ ማለት ደግሞ ከራሷ ክብደት እጥፍ በላይ ነው።

«የወር አበባ ላይ ያለች ብረት አትነካም»

ሕንዳዊቷ ሚራባይ ቻኑ እዚያው ውድድር ላይ በወር አበባዋ ሦስተኛ ቀን ተወዳደረች። አቅም እንዳነሳትም በግልጽ ተናገረች። 199 ኪሎ አንስታ አራተኛ ወጣች፤ ነሐሱ በ200 ነው የሄደው። ስለዚህ ድካሙ እውነት ነው፣ ክልከላው ግን መሠረት የለውም። ሕመም ያላት ቀን ኪሎውን ትቀንስ፣ ደህና ከሆነች ትሥራ።

መጀመር ለምትፈልግ፦ አሰልጣኝሽ በመጀመሪያው ቀን ከባድ ብረት ከሰጠሽ እምቢ በይ። እንቅስቃሴው በእንጨት ዘንግ ይለመዳል። ከዚያ ባዶው ብረት ይመጣል፤ የሴቶች የውድድር ብረት 15 ኪሎ ነው፣ ከወንዶቹ 20 ኪሎ ቀጠን ስለሚል ለመጨበጥም ይመቻል።