ስለ ስልክ ካሜራ ዙም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከአያት ኮንዶሚኒየሞች ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ከደንበኞቼ አንዱ፣ በአራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ባለፈው በጋ ስልካቸውን ይዘው መጡና «ልጄ፣ መቶ እጥፍ ያቀርባል ተብሎ የተሸጠልኝ ይህ ስልክ፣ ከበረንዳዬ ሆኜ የየረርን ተራራ ባነሣው በብርድ ልብስ የተሸፈነ በሬ አስመስሎ አወጣው፤ ሌንሱ ተበላሽቶ ይሆን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ፈታትቼ አየሁት፤ ምንም አልሆነም። «ጋሼ፣ ሌንሱ ደኅና ነው፤ ቁጥሩን ነው ያጋነኑብዎት» አልኳቸውና አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠን ተጨዋወትን። በዚያ ቀን የነገርኳቸውን፣ ሌሎች ደንበኞችም ደጋግመው ከሚያነሡት ጋር አቀናብሬ ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

«መቶ እጥፍ ያቀርባል»

በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። አንደኛው ሌንሱ ራሱ ብርሃኑን በማጠፍ የሚያስገኘው ማቅረብ፣ ማለትም ኦፕቲካል ዙም ሲሆን፣ ሁለተኛው ከተነሣው ምስል መካከሉን ቆርጦ በማተለቅ የሚገኘው ዲጂታል ዙም ነው። ለምሳሌ በ2021 የወጣውን ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ21 አልትራ ብንወስድ፣ ረጅሙ ሌንስ የሚያቀርበው 10 እጥፍ ሲሆን ከሌንሱ በስተኋላ ያለው ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚለውጠው ክፍል) 10 ሚሊዮን ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ አለው። ከ10 ወደ 100 ለመድረስ ስልኩ የምስሉን ወርድም ቁመትም ወደ አንድ አሥረኛ ይቆርጣል፤ በዚህም ከስፋቱ የሚተርፈው አንድ መቶኛ ብቻ፣ ከፒክስሎቹም 100,000 ያህል ብቻ ይሆናል። በ2000 በጃፓን ለገበያ የቀረበው የሻርፕ ጄ-ኤስኤች04 የእጅ ስልክ ካሜራ 110,000 ፒክስል ነበረው። ስለዚህ በዘመናዊው ስልክ በመቶ እጥፍ የሚነሣ ሰው፣ ከሃያ ዓመት በፊት ከነበረው ስልክ ያነሰ እውነተኛ መረጃ ይዞ ይቀራል፤ የቀረው ሁሉ በሶፍትዌር ግምት የተሞላ ነው።

ቁጥሩ ራሱም ቢሆን መለኪያው አንድ ዓይነት አይደለም። በተለመደው ካሜራ ላይ «30 እጥፍ» ሲባል የሌንሱ ረጅሙ የትኩረት ርቀት (ሌንሱ ብርሃኑን አጥፎ የሚሰበስብበት ርቀት፤ በረዘመ ቁጥር ሩቁን ያቀርባል) ለአጭሩ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። በስልክ ላይ ግን መነሻው ዋናው ካሜራ ሲሆን፣ የአንዱ ስልክ ዋና ካሜራ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አቻ (ያንኑ ያህል ቦታ ለማንሣት በቀድሞው የፊልም ካሜራ ላይ በሚያስፈልገው የትኩረት ርቀት) ሲለካ 23 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው 26 ሚሊ ሜትር ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለት ስልኮች «3 እጥፍ» ብለው እኩል አያቀርቡም። አንዳንዱ ኩባንያ ደግሞ ከዋናው ይልቅ ሰፋ ያለ ቦታ ከሚያነሣው ካሜራ ጀምሮ ይቆጥራል፦ አፕል በ2023 ስላወጣው አይፎን 15 ፕሮ ማክስ ሲናገር፣ ከ0.5 እስከ 5 ያለውን «10 እጥፍ የዙም ክልል» ብሎታል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሩቅ ያለን ነገር ከዋናው ካሜራ አንጻር የሚያቀርበው 5 እጥፍ እንጂ 10 አይደለም።

«ስልኩ ዙም ሌንስ አለው»

በፎቶ ባለሙያዎች አነጋገር ዙም ሌንስ የሚባለው በውስጡ ያሉት መስተዋቶች ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንቀሳቀሱ የትኩረት ርቀቱን ያለ ማቋረጥ የሚለውጡት ነው። ከጥቂቶች በስተቀር ስልኮች እንዲህ ያለ ሌንስ የላቸውም። ያሏቸው እያንዳንዳቸው በአንድ ርቀት የጸኑ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ካሜራዎች ናቸው፤ ጣታችንን በስክሪኑ ላይ ስናንሸራትት ስልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘልላል፣ በመካከል ያለውንም ክፍተት በመቁረጥ ይሞላዋል።

ይህ በተግባር ብዙ ለውጥ ያመጣል። ዋናው ካሜራው 50 ሚሊዮን ፒክስል የሆነና ሌላኛው ሌንስ በ5 እጥፍ ላይ የተቀመጠ ስልክ የያዘ ሰው 4.9 ላይ ቆሞ ቢያነሣ፣ ከዋናው ሴንሰር የሚጠቀመው አንድ ሃያ አራተኛውን፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ፒክስል ገደማ ብቻ ነው። ጣቱን ጥቂት ጨምሮ 5 ላይ ቢያደርሰው ግን የሁለተኛው ካሜራ ሴንሰር በሙሉ ይሠራለታል። በሠርግም በጥምቀትም የሚያነሡ ወጣቶችን የምመክራቸው ይህንኑ ነው፦ በስክሪኑ ላይ በተጻፉት ቁጥሮች ላይ ቁሙ፤ በመካከላቸው አትቁሙ፤ ካስፈለገ በእግራችሁ ቅረቡ።

እውነተኛ ዙም ሌንስ በስልክ ላይ ያልተሞከረ ግን አይደለም። በ2013 የወጣው ጋላክሲ ኤስ4 ዙም 10 እጥፍ የሚያቀርብ፣ ሲከፈት ወደ ውጭ የሚወጣ ሌንስ ነበረው፤ ውፍረቱ 15.4 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 208 ግራም ስለነበር ግማሽ ካሜራ፣ ግማሽ ስልክ ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት የወጣው ተራው ኤስ4 ውፍረቱ 7.9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። በ2022 ሶኒ በኤክስፔሪያ 1 ማርክ 4 ከ85 እስከ 125 ሚሊ ሜትር ያለ ማቋረጥ የሚሄድ ሌንስ ቀጭን ስልክ ውስጥ አስገብቷል፤ ይህ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ብቻ ነው፣ ሴንሰሩም ትንሽ ነው።

«ኩባንያዎቹ ቢፈልጉ ኖሮ ትልቅ ሌንስ ይገጥሙ ነበር»

ደንበኞቼ በቁጣ የሚያነሡት ይህንን ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያስደስተኝ የነገሩ ክፍል እዚህ ላይ ነው። ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ ረጅም የትኩረት ርቀት ይፈልጋል። የኤስ21 አልትራ 10 እጥፍ ሌንስ በፊልም አቻ 240 ሚሊ ሜትር ነው ይባላል፤ ሴንሰሩ እጅግ ትንሽ በመሆኑ እውነተኛው ርቀት ወደ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። የስልኩ ውፍረት ግን 8.9 ሚሊ ሜትር ነው። ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና በዝቅተኛ ጎጆ ውስጥ የሚቀመጠው ተጋድሞ እንደሆነ ሁሉ፣ መሐንዲሶቹም ሌንሱን በስልኩ ውስጥ አጋደሙት። ብርሃኑ በጀርባው መስኮት ሲገባ ፕሪዝም ያገኘውና 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ በስልኩ ወርድ በኩል እየተጓዘ ጎን ለጎን የቆሙትን ሌንሶች አልፎ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ይህ ፔሪስኮፕ የሚባለው ዘዴ አዲስ አይደለም፤ ሚኖልታ በ2002 ዲማዥ ኤክስ በተባለው ቀጭን ዲጂታል ካሜራ ላይ 3 እጥፍ ዙምን በዚሁ መንገድ ሠርቶበታል። በስልክ ላይ በሰፊው እንዲታወቅ ያደረገው ደግሞ በ2019 የወጣው ሁዋዌ ፒ30 ፕሮ ነው።

ማጋደሙ ርዝመቱን ፈታው፤ ውፍረቱን ግን አልፈታውም። የተጋደመው ሌንስ ክብ ፊቱ በስልኩ ውፍረት ውስጥ ቆሞ ስለሚቀመጥ፣ የሌንሱ ስፋት ከስልኩ ውፍረት ሊበልጥ አይችልም፤ በተለመደው አሠራር ሴንሰሩም ፕሪዝሙን ትይዩ ቆሞ ስለሚቀመጥ ቁመቱ በዚያው ልክ ይገደባል። የትኩረት ርቀቱ ሲረዝምና የቀዳዳው ስፋት ባለበት ሲቀር ምስሉ ይጨልማል፤ ኤፍ የሚባለው ቁጥር የሚነግረን የርቀቱንና የቀዳዳውን ድርሻ ነው። የኤስ21 አልትራ ዋና ካሜራ ኤፍ 1.8 ሲሆን፣ የ10 እጥፉ ሌንስ ግን ኤፍ 4.9 ነው፤ ይህም ማለት በእያንዳንዱ የሴንሰር ስፋት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከሰባት እጥፍ በላይ ያንሳል ማለት ነው። ይህ ጉድለት ከሴንሰሩ ትንሽነት ጋር ሲደመር፣ በቀን ብርሃን አጥርቶ የሚያሳይ ሌንስ በምሽት ሠርግ ድንኳን ውስጥ ለምን እንደሚያቅተው ግልጽ ይሆናል። የበለጠ ብርሃን የሚፈልግ ሰው ወፍራም ስልክ መያዝ ወይም አጠር ያለ ሌንስ መቀበል አለበት፤ ሦስተኛ መንገድ ፊዚክስ አላስቀረለትም።

«አዲሱ ስልክ ከ10 ወደ 5 እጥፍ ወረደ፣ ስለዚህ ባሰበት»

ሳምሰንግ በ2024 በኤስ24 አልትራ ላይ የ10 እጥፉን ሌንስ በ5 እጥፍ ሲተካው ብዙዎች ተታለልን ብለዋል። አዲሱ ሌንስ ግን ኤፍ 3.4 ነው፤ ከእርሱ በስተኋላ ያለው ሴንሰርም ከቀድሞው የሚበልጥ ባለ 50 ሚሊዮን ፒክስል ነው። በ5 እጥፍ፣ ሰው በአብዛኛው በሚያነሣበት ርቀት፣ አዲሱ ይሻላል፤ በብሩህ ቀን በ10 እጥፍ ወፍ ለሚያነሣ ሰው ግን የቀድሞው ሌንስ የራሱ ጥቅም ነበረው። እኔ ብጠየቅ 5 እጥፉን እመርጣለሁ፤ ሱቄ ውስጥ የማያቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ የልጆች፣ የሠርግና የልደት ናቸውና።

«ሜጋፒክስሉ ከበዛ ሩቁ ይጠራል»

ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ ስለዚህ ፍጹም በሆነ ሌንስ እንኳ አንዲት የብርሃን ነጥብ ሴንሰሩ ላይ የምታርፈው እንደ ትንሽ ክብ ሆና ነው። በኤፍ 4.9 የዚህች ክብ ወርድ፣ ለአረንጓዴ ብርሃን ሲሰላ፣ 6.6 ማይክሮ ሜትር ገደማ ሲሆን የኤስ21 አልትራው ረጅም ካሜራ የአንድ ፒክስል ወርድ 1.22 ማይክሮ ሜትር ነው። አንዲቱ ነጥብ አስቀድሞ አምስት ፒክስል ያህል ወርድ ትሸፍናለች ማለት ነው። እዚያው ስፋት ላይ የፒክስሉን ቁጥር በአራት ማባዛት ያቺን ነጥብ በብዙ ፒክስል መቁጠር እንጂ ማጥራት አይሆንም። 200 ሚሊዮን ፒክስል ያላቸው ሴንሰሮችም በተለመደው አሠራራቸው 16ቱን ፒክስሎች አንድ አድርገው 12.5 ሚሊዮን ፒክስል ያለው ምስል ነው የሚሰጡት።

«ካሜራው ከበዛ ስልኩ ይበልጣል»

አይደለም። በርካሽ ስልኮች ጀርባ ላይ ከሚታዩት ሦስትና አራት ቀዳዳዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ብዙ ጊዜ ቁጥር ለማብዛት የተቀመጡ 2 ሚሊዮን ፒክስል ያላቸው ናቸው፤ ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ ላይኖራቸውም ይችላል።

«5 እጥፍ የሚለውን ከነካሁ የ5 እጥፉ ሌንስ ይሠራል»

ሁልጊዜ አይሠራም። ብርሃን ሲያንስ ወይም የሚነሣው ነገር ለረጅሙ ሌንስ ከመጠን በላይ ሲቀርብ፣ ብዙ ስልኮች ሳይነግሩን ወደ ዋናው ካሜራ ይመለሱና ምስሉን ቆርጠው ያተልቁታል። ብዙዎቹ ረጃጅም ሌንሶች ከሚነሣው ነገር በቂ ርቀት ካልራቁ ማተኮር ያቅታቸዋል። ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ይህን በሱቁ በር ላይ መፈተን ይችላል፦ ሩቅ ያለ ነገር ላይ 5 እጥፍን መርጦ የረጅሙን ሌንስ ቀዳዳ በጣቱ ይሸፍነው። ስክሪኑ ከጨለመ ሌንሱ እየሠራ ነው፤ ምስሉ እንዳለ ከቀጠለ ስልኩ ዋናውን ካሜራ ቆርጦ እያሳየው ነው። ፈተናውን በቀን፣ ከሱቁ ውጭ ቆሞ ማድረግ ይገባል፤ በጨለማ ሱቅ ውስጥ ደኅናውም ስልክ ሊወድቅ ይችላል።

«ጨረቃን አጥርቶ ካነሣ ሁሉንም አጥርቶ ያነሣል»

በ2023 አንድ ተጠቃሚ የጨረቃን ፎቶ ሆን ብሎ አሳንሶና አደብዝዞ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ካሳየ በኋላ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ በሳምሰንግ ስልክ አንሥቶት፣ በደበዘዘው ምስል ላይ ያልነበሩ ጉድጓዶች በፎቶው ላይ ወጡ። ኩባንያውም ስልኩ ጨረቃን ለይቶ ዝርዝሯን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሚያጎላ አብራርቷል። ይህ የሚቻለው ጨረቃ ለምድር ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ስለምታሳይ ነው፤ የየረርን ሸንተረር ወይም የማታውቀውን ሰው ፊት ግን ስልኩ አስቀድሞ አያውቀውም። በፊደላችን ላይ ጉዳቱን በዓይኔ አይቻለሁ፦ ከሩቅ በዲጂታል ዙም ያነሣሁት የሚኒባስ ታፔላ በስልኩ ሶፍትዌር ከታረመ በኋላ፣ ፊደል የሚመስሉ ነገር ግን በገበታው ላይ የሌሉ ምልክቶች ሆኖ አገኘሁት።

«ረጅም ሌንስ ፊትን ያሳምራል»

ፊትን የሚለውጠው በአንሺውና በተነሺው መካከል ያለው ርቀት ነው። በዋናው ካሜራ በጣም ተጠግተን ስናነሣ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮም ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ረጅሙ ሌንስ ወደ ኋላ እንድንርቅ ስለሚያስገድደን ፊቱ ወደ ልኩ ይመለሳል። በዋናው ካሜራም ከሁለት ሜትር ርቀት አንሥተን ብንቆርጠው የፊቱ ቅርጽ ያው ነው፤ የሚጎድለው ጥራቱ ነው።

«ተራራው የደበዘዘው በሌንሱ ምክንያት ነው»

የመምህሩ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ያርፋል። ከበረንዳቸው እስከ የረር ያለው አየር ራሱ በሌንሱ ፊት የቆመ ሌላ ሌንስ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ ከአያትና ከለገጣፎ የግንባታ ቦታዎች የሚነሣው አቧራ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ከጋለው ቆርቆሮና አስፋልት የሚወጣው ሞቃት አየርም ምስሉን እንደ ፈላ ውኃ ያንቀጠቅጠዋል። ይህንን ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሌንስም አያስቀረውም። ለመምህሩ የነገርኳቸው ሌሊት ዝናብ ዘንቦ ባደረበት ማለዳ፣ ከመስከረም ወዲህ አየሩ ታጥቦ ሳለ፣ ስልኩን የበረንዳው ብረት ላይ አስደግፈው በ10 እጥፍ ብቻ እንዲያነሡ ነበር። በጥቅምት መጀመሪያ ተመልሰው መጡና ስልካቸውን ከፍተው ፎቶውን አሳዩኝ፤ ተራራው በገደሉ በኩል ያሉት ስንጥቆች ሳይቀሩ ይታዩ ነበር፣ ከፊቱ ግን የጎረቤታቸው የልብስ ማስጫ ገመድ ተሻግሮበታል።