አንድ ላይብረሪ በሦስት ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሊኑክስ ላይ ያለ እንከን የሚሠራ የሲ ወይም የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ) ዊንዶውስ ላይ ሲገነባ እንቢ የሚለው፣ ብዙውን ጊዜ ኮዱ ተበላሽቶ ሳይሆን ስለ ግንባታው የያዝነው ግምት ስለማይሠራ ነው።

«ሲሜክ ከተጫነ ኮምፓይለር አያስፈልግም።» ሲሜክ ግንባታውን የሚያደራጅ መሣሪያ እንጂ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጥ ኮምፓይለር ስላልሆነ አንድም መስመር ኮድ ኮምፓይል አያደርግም፤ እንደነዚህ ላሉ የግንባታ መሣሪያዎች፦ ለኒንጃ፣ ለሜክ፣ ለቪዥዋል ስቱዲዮ ወይም ለኤክስኮድ የግንባታ ፋይል አዘጋጅቶ ሥራውን ለእነርሱ ይተዋል።

«ስሕተት ሳያሳይ ኮምፓይል ከሆነ ላይብረሪው አልቋል።» ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። ሊኑክስ ላይ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር፣ ደብቅ ካልተባለ በቀር፣ የላይብረሪውን ፈንክሽኖች ሁሉ ለውጭ ተጠቃሚ ክፍት ያደርጋል። የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ግን ክፈት ያልተባለውን ሁሉ ዘግቶ ይይዛል። በዚህ ምክንያት የዲኤልኤል ፋይሉ (ዊንዶውስ ላይ ላይብረሪው የሚቀመጥበት ፋይል) በሰላም ይፈጠራል፤ አንድም ፈንክሽን ስላልተከፈተ ግን ፕሮግራሞች ከእርሱ ጋር የሚያያዙበት የሊብ ፋይል አብሮት አይወጣም፤ ይህም የሚታወቀው በማግስቱ ሌላ ፕሮግራም ሲገነባና ሊንከሩ (ፕሮግራሙን ከላይብረሪው ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) «ፋይሉን መክፈት አልቻልኩም» ብሎ ሲቆም ነው። ከሲሜክ 3.4 ጀምሮ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚከፍት አማራጭ አለ፤ እኔ ግን የላይብረሪው ፈንክሽኖች በሚዘረዘሩበት በሄደር ፋይሉ ውስጥ የሚከፈተውን እየለዩ በማክሮ (በኮዱ ውስጥ በሚገባ አጭር ምልክት) ማመልከትን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም አንዴ ለሰው የተከፈተ የውስጥ ፈንክሽን በኋላ ለመለወጥ ያስቸግራል።

«ሎንግ የትም ሎንግ ነው።» ሎንግ የተባለው የሲ የኢንቲጀር (የሙሉ ቁጥር) ዓይነት በ64 ቢት ሊኑክስና ማክ ኦኤስ 8 ባይት ሲሆን፣ በ64 ቢት ዊንዶውስ ግን 4 ባይት ብቻ ነው። የፋይል መጠን በእርሱ የሚይዝ ላይብረሪ ከ2 ጊጋባይት በላይ ሲደርስ ዊንዶውስ ላይ ይሳሳታል። መጠናቸው በስማቸው የተገለጸውንና በ1999ኙ የሲ ደረጃ የገቡትን የኢንቲጀር ዓይነቶች መጠቀም ይሻላል።

«ዊንዶውስ ላይ የተገነባ ሁሉ እርስ በርሱ ይገጣጠማል።» በሲ የተጻፈ በይነገጽ ከሆነ በአብዛኛው እውነት ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ ከሆነ ግን ሚንጂደብልዩ (የጂሲሲ የዊንዶውስ ስሪት) እና ቪዥዋል ስቱዲዮ ለአንድ ፈንክሽን የሚያወጡት የውስጥ ስም ስለሚለያይ ሊንከሩ አያገናኛቸውም።

«የፋይል ስም አያስቸግርም።» የላይብረሪው ደራሲ የሞከረው በእንግሊዝኛ ስሞች ብቻ ከሆነ እንዲህ ቢያስብ አይገርምም። «ደብዳቤ» የተባለ ፋይል የዓለምን ፊደላት ሁሉ በባይቶች በሚጽፈው በዩቲኤፍ 8 ስሙ 12 ባይት ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ኤፍኦፕን የተባለው የሲ ፈንክሽን እነዚያን ባይቶች እንደ ኮምፒውተሩ የቆየ የፊደል ሰንጠረዥ ያነባቸዋል፣ ግዕዝ ፊደል ደግሞ በዚያ ሰንጠረዥ ቦታ ስለሌለው ፋይሉ ዓይን ሥር እያለ «አልተገኘም» ይባላል። ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1903 ወዲህ አንድ ፕሮግራም በማኒፌስቱ (ስለ ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ በሚነግረው ፋይል) ዩቲኤፍ 8ን መጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን ማኒፌስቱ የፕሮግራሙ እንጂ የላይብረሪው ስላልሆነ፣ ላይብረሪው ስሙን ራሱ ዊንዶውስ በውስጡ ወደሚጠቀምበት አጻጻፍ፣ ወደ ዩቲኤፍ 16፣ ለውጦ በዊንዶውስ ሰፊ ፊደል ፈንክሽኖች መክፈት ይኖርበታል።