የክላሲክ መኪና የሙቀት ጌጅ ትክክለኛነት እንዴት ይፈተሻል?

የድሮ መኪና የሚነዳ ሰው ዓይኑ ከመንገዱ ቀጥሎ የሚያርፈው የሙቀት ጌጁ ላይ ነው። ጠቋሚው ወደ ቀዩ ሲጠጋ ልብ ይሰቀላል። መኪናው ዳር ይያዛል፣ ኮፈኑ ይከፈታል። ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ ደህና ነው፤ የተሳሳተው ጌጁ ነው። የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው። ጌጁ መሃል ላይ ረግቶ ቆሞ ሞተሩ ይፈላል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጋስኬትም ይበላሻል። ስለዚህ ራዲያተር ከመቀየር በፊት ጌጁን መፈተሽ ይቀድማል። ሥራው ደግሞ ከባድ አይደለም።

ሾፌሮች በፊት የሚያዩት ከኮፈኑ ጫፍ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ፓተንት ያገኘው ቦይስ ሞቶሜትር የራዲያተር ክዳን ላይ የሚቆም ቴርሞሜትር ነው። ሾፌሩ በመስታወቱ አሻግሮ ያነበዋል። በኋላ ጌጁ ወደ ዳሽቦርዱ ገባ፤ ዓይነቱም ሁለት ሆነ።

አንደኛው ሜካኒካል ነው። ከሞተሩ እስከ ጌጁ የሚዘልቅ ቀጭን ቱቦ አለው። ጫፉ ላይ ባለው ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ኤተር አለ። ሞተሩ ሲሞቅ ኤተሩ ይተናል፣ ግፊቱም ጠቋሚውን ያንቀሳቅሳል። ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። ቱቦው ከተሰበረ ወይም ካፈሰሰ ግን ጌጁ ይሞታል፤ ሲፈታም ሲታሰርም በጣም ሊጠነቀቁለት ይገባል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ነው። ሞተሩ ላይ የታሰረው ሴንሰር ሲሞቅ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኩረንትን የመከልከል አቅሙ፣ ይቀንሳል። በሽቦው የሚያልፈው ኩረንት ይጨምራል፤ ጠቋሚውም ከፍ ይላል። ብዙ መኪኖች ላይ ለጌጆቹ የሚሄደውን ቮልቴጅ የሚያረጋጋ ትንሽ ዕቃ አለ። በብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ውጤቱ በአማካይ 10 ቮልት ገደማ ነው። ይህ ዕቃ ሲበላሽ የሙቀቱም የነዳጁም ጌጅ አብረው ይሳሳታሉ። ነዳጅ ሳይቀዳ የነዳጁ ጠቋሚ ካሻቀበ ጥፋቱን ሞተሩ ላይ አትፈልጉ።

እኔ ከሁሉም የማምነው የፈላ ውሃ ሙከራን ነው። ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ከራዲያተሩ ትንሽ ውሃ ይቀነስና ሴንሰሩ ይፈታል። ሽቦው እንደተሰካ ይቆይ። ሴንሰሩ ኔጌቲቩን የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ከሞተሩ ብረት ነው፤ ስለዚህ አካሉን በሌላ ሽቦ ከሞተሩ ጋር ማገናኘት ግድ ነው። ይህ ከተረሳ ጠቋሚው ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ቁልፉ ይከፈት፣ ሞተሩ ግን አይነሳ። የሴንሰሩ ጫፍ ብቻ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይግባ፤ ሽቦው የሚሰካበት ራስ ደረቅ ይሁን። አጠገቡ ጥሩ ቴርሞሜትር ይቀመጥ፣ ውሃው ያለበትን ዕቃ ታች ግን አይንካ። ውሃውን እያማሰሉ በ70፣ በ80 እና በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ጠቋሚው የት እንደሚቆም ይጻፍ። ጠቋሚው ቀስ ብሎ ስለሚሄድ በየደረጃው አንድ ሁለት ደቂቃ መታገስ ነው። የሜካኒካሉም ሙከራ ይኸው ነው፤ ብልቃጡ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ሽቦ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ግን አይረሳ። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ነው። ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ የመፍያ ነጥቡ አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። በ2400 ሜትር ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህን የማያውቅ ሰው ትክክለኛውን ጌጅ "8 ዲግሪ ይቀንሳል" ብሎ ይጥለዋል።

ሳይፈቱ ማየት ለሚፈልግ የሌዘር ነጥብ ያለው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር አለ። ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቫልቭ፣ ያለበት ቤት ላይ ይነጣጠራል። የሚያብለጨልጭ አልሙኒየም ወይም ናስ ላይ ግን ከእውነቱ በጣም ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ቦታውን በማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ትንሽ መቀባት ያስተካክለዋል። ያም ሆኖ የብረቱ ውጪ ከውስጡ ውሃ ጥቂት ዲግሪ ይቀንሳል። ቴርሞስታቱም ራሱ ይመሰክራል። የሚከፈትበት ዲግሪ፣ ለምሳሌ 82 ወይም 88፣ ላዩ ላይ ተቀርጿል። የላይኛው የራዲያተር ጎማ ድንገት ሲሞቅ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ጌጁም በዚያ ሰዓት እዚያው አካባቢ መሆን አለበት።

ስህተት ከተገኘ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ሴንሰሩ ነው። ለሌላ ጌጅ የተሠራ ሴንሰር ጥርሱ ልክክ ብሎ ሊገባ ይችላል፤ ሬዚስታንሱ ግን አይገጥምም። ጥርሱ ላይ የተጠቀለለ ብዙ ቴፍሎን (ማሸጊያ ቴፕ)ም ኔጌቲቩን ያዳክማል፤ ያኔ ጌጁ ከእውነቱ ዝቅ ይላል። ሴንሰሩ ውሃ ጎድሎ አየር ውስጥ ከቀረም እንዲሁ ዝቅ ሊል ይችላል፤ አደገኛው ውሸት ይህ ነው።

ብዙ የድሮ ጌጆች ቁጥር የላቸውም፤ ቀዝቃዛ፣ መደበኛና ሙቅ የሚል ምልክት ብቻ ነው ያላቸው። ለእነዚህ የሙከራው ጥቅም እጥፍ ነው። ጠቋሚው በ90 ዲግሪ የቆመበት ቦታ ላይ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ቀጭን ምልክት ይደረጋል። ሴንሰሩ ወይም ቮልቴጅ ማረጋጊያው በተቀየረ ቁጥር ሙከራው ይደገማል፣ ምልክቱም እንደ አዲስ ይደረጋል።